ከጨዋታ ሁሉ የትኛውን ትመርጣላችሁ?
በቢቸናና በሞጣ የሰማሁት የቤተሰብ ክርክር

ዓባይን ተሻግሮ ደጀን የደረሰ መንገደኛ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደውን ጎዳና በግራው ትቶ ወደ ሰሜን ቢያቀና መጀመሪያ ቢቸናን ያገኛል፤ ከዚያም ደብረ ወርቅንና ሞጣን አልፎ ባሕር ዳር ይገባል። እኔም ባለፈው ዓመት የገናን በዓል ከዘመዶቼ ጋር ለማሳለፍ በዚሁ ጎዳና ተጉዤ ታኅሣሥ 25 ቀን ቢቸና ደረስሁ። ያረፍሁትም በአጎቴ ልጅ ቤት ነበር። እርሱ መምህር ነው፤ ሚስቱ ባልትናዋ የተመሰገነ ሴት ወይዘሮ ናት፤ ልጆቻቸውም ሦስት ናቸው። በቤቱ ውስጥ ከብዙ ዓመት በፊት ቆብ የጫኑ እናቱ እማሆይም አሉ።

እንግዳ ሲመጣ የሚሰማው የደስታ ድምፅ ግን በዚያ ቀን አልተሰማም። ነገሩ እንዲህ ነው። የቤቱ ሁለተኛ ልጅ ዕድሜው 14 ዓመት ሲሆን ለበዓሉ እንጀራ የሚሆነውን ጤፍና የወፍጮውን ገንዘብ ተቀብሎ ከጧቱ ወደ ወፍጮ ቤት ተልኮ ነበር። እርሱ ግን ጤፉን ከወፍጮ ቤቱ ደጅ አስቀምጦ «ተራው እስኪደርስ» በማለት በአቅራቢያው ካለው ጌም ቤት ገባ። አንድ ጊዜ ተሸነፈ፤ ብሩን ለመመለስ ብሎ ደገመ፤ ሁለተኛም ተሸነፈ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገንዘቡ አልቆ፣ ወፍጮውም ተዘግቶ፣ ጤፉ እንደ ጤፍነቱ ወደ ቤት ተመለሰ። ልጁም «ሰልፉ ረጅም ነበር» ብሎ ዋሸ። ከጎረቤት የመጣች ሴት ግን የት እንዳየችው ሳታውቀው አወራች።

ውድ አንባቢያን፣ ሊጥ ሳይቦካ የበዓል ዋዜማ የደረሰባት የቤት እመቤት ምን እንደሚሰማት ከእናንተ የሚሰወር አይደለም። አባትየውም ከገንዘቡ ይልቅ ውሸቱ አቃጥሎት ኖሮ የልጁን ስልክ ወስዶ በሣጥን ቆለፈና «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ጨዋታ የሚባል ነገር ስሙ እንዳይነሣ!» ሲል ፈረደ።

በዚህ ጊዜ ከምድጃው ዳር ተቀምጠው ይሰሙ የነበሩት እማሆይ መቋሚያቸውን ቀና አድርገው እንዲህ አሉ፤

«ልጄ ሆይ፣ ጨዋታ የማይነሣበት ቤት ገዳም ነው። ገዳምን እኔ ወድጄ መርጬ ይዤዋለሁ፤ ይህ ሕፃን ግን አልመረጠም። ደግሞስ አንተ በልጅነትህ ጥጃ አስፍረህ፣ አዝመራ አስበልተህ በጨዋታ ሜዳ ያመሸህበትን ቀን እኔ ልቁጠርልህን? ይልቅስ ዛሬ ማታ ሁላችንም የምንወደውን ጨዋታ እንናገር። ለምን እንደምንወደው፣ ለማንስ እንደምንመክረው እናስረዳ። ከዚያ በኋላ መፍረድ ይሻላል።»

እናት ሲናገሩ ማን ይከራከራል? ከራት በኋላ ቡና ተፈልቶ ጉባኤው ተጀመረ። እኔም እንግዳ ስለሆንሁ የሰማሁትን ለመጻፍ ፈቃድ ጠየቅሁና ተፈቀደልኝ።

የአባት ምርጫ

የመጀመሪያው ተናጋሪ ራሱ አባትየው ነበር። እርሱም የመረጠው የገናን ጨዋታ ነው።

«ከገና የሚበልጥ ጨዋታ አላውቅም» አለ። «ጫፉ የቆለመመ የእንጨት በትር ቆርጠን፣ ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራች ሩር ይዘን መኸር ከተሰበሰበበት ሜዳ እንወጣለን። የላይ ቤትና የታች ቤት ተባብለን በሁለት ወገን እንከፈላለን። ሜዳው ወሰን የለውም፤ ገላጋይ ዳኛም የለውም፤ ስምምነታችን ራሱ ዳኛ ነው። ባለጸጋውና ድኃው፣ ጌታውና ሎሌው በአንድ ሜዳ ይጋፋሉ፤ በዚያ ቀን በትር ቢያርፍበት የሚቆጣ ሰው አልነበረም። ጨዋታው ሰውነትን ያጠነክራል፤ ልብን ያሰፋል፤ ቂምን ያስረሳል። ለወንዶች ልጆች ሁሉ እመክረዋለሁ።»

ጨዋታው ከበዓሉ ጋር አንድ ስም የያዘበትን ምክንያት አባቶች ሲተርኩ፣ በቤተ ልሔም የነበሩት እረኞች የምሥራቹን በሰሙ ጊዜ በያዙት በትር እየተጫወቱ ደስታቸውን ገልጠዋል ይላሉ።

ልጅየው አንገቱን ደፍቶ ይሰማ ነበርና በዝግታ «አባዬ፣ ሜዳው አሁን የት አለ?» ሲል ጠየቀ። አባትየው ወዲያው መልስ አልሰጠም። እርሱ ሩር ያባረረበት ሜዳ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል፤ በትር የሚቆረጥበትም ዛፍ ተመንጥሮ በስፍራው ባሕር ዛፍ ቆሟል።

የእማሆይ ምርጫ

እማሆይ የመረጡት ገበጣንና እንቆቅልሽን ነው።

«እኔ ከብት ስጠብቅ ገበጣ የምጫወተው ከመሬት ላይ ጉድጓድ ምሼ ነው» አሉ። «ጠጠር ከወንዝ ይለቀማል፤ ለመግዣ አንዲት ቤሳ አይወጣም። በየጉድጓዱ ጠጠሩን እኩል ታደላድላለህ፤ ከዚያ ከአንዱ ዘግነህ ለሌላው እየዘራህ ትሄዳለህ። ሳይቈጥር የሚዘራ ይሸነፋል። ፊደል ያልቈጠረች እረኛ ሒሳብን የተማረችው ከዚያ ነው። ለቸኳይ ሰው ሁሉ እመክረዋለሁ። ማታ ደግሞ እንቆቅልሽ አለ፤ መልሱ ያልመጣለት አገር ይሰጣል። እኔ በልጅነቴ ጎጃምን ስንት ጊዜ ሰጥቼ ስንት ጊዜ ተቀበልሁ!»

ሁላችንም ሳቅን። ስለ ገበጣ እኔ የማውቀውን ለመጨመር ያህል፣ በአገራችን ሁለት ረድፍና 12 ጉድጓድ ያለው እንዲሁም ሦስት ረድፍና 18 ጉድጓድ ያለው ገበጣ ይገኛል። ሁለት ረድፍ ያለው በብዙ የአፍሪካና የእስያ አገር የተለመደ ሲሆን፣ ሦስት ረድፍ ያለው ግን በተለይ በኢትዮጵያና በኤርትራ ምድር የሚታወቅ ነው። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከየአውራጃው ብዙ ዓይነት የገበጣ ሕግ ሰብስበዋል፤ ከወንዝ ማዶና ከወንዝ ወዲህ ያሉ ሰዎች በአንዱ ጨዋታ ልዩ ልዩ ሕግ እንደነበራቸው ከዚያ እንረዳለን።

የመሪጌታ ምርጫ

ለቡናው የተጠሩት ጎረቤት መሪጌታ ደግሞ የሰንጠረዥን ነገር አነሡ። እርሳቸው ራሳቸው አልተጫወቱትም፤ አባታቸው ግን ከመኳንንት ቤት ሲጫወቱት አይተው ነበርና የሰሙትን አወሩልን።

የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ዛሬ ዓለም ከሚጫወተው ቼስ የሚለይበት ጠባይ አለው። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፈረስ፣ መደቅ የሚባሉ ጠጠሮች ሲኖሩት መጀመሪያው «ወረራ» ይባላል። በወረራው ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ባሻቸው ፍጥነት ያሰልፋሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው ተራ የሚጠበቀው። በዙሪያው የተቀመጠውም ሰው ዝም ብሎ አይመለከትም፤ «ይህን አንሣ፣ ያን ተው» እያለ ከሁለቱም ወገን ይመክራል። ንጉሥን በኃይለኛ ጠጠር መያዝ ብዙ የሚያስመሰግን አልነበረም፤ በትንሹ መደቅ የያዘው ግን ይጨበጨብለት ነበር።

«እንግዲህ ለሹማምንትና ለዳኞች የምመክረው ይህን ነው» አሉ መሪጌታ። «ትንሹን ሰው አለመናቅ ያስተምራልና። የሚያሳዝነው ግን ጠላት በ1928 ዓ.ም. ከገባ በኋላ የሚጫወተው ሰው እየጠፋ መሄዱ ነው። ልጆቻችንን ጌም ቤት ሄዱብን ብለን ስንቆጣ፣ የእኛን ጨዋታ ማን እንደ ቀበረው አንጠይቅም።»

የልጆቹ ምርጫ

አሁን ተራው የልጆቹ ሆነ። ታላቂቱ እኅት 16 ዓመቷ ነው፤ እርስዋም የመረጠችው በስልክ የሚጫወቱትን ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን አገጣጥሞ ረድፍ መሙላት ነው። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ አባት ቴትሪስ ይባላል፤ በ1984 እ.ኤ.አ. አሌክሲ ፓጂትኖቭ የተባለ ሰው በሞስኮ የፈጠረው ነው።

«እትዬ፣ እኔ የምወደው ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ነው» አለች ወደ እናቷ እኅት ዞራ። «ውኃ እስኪፈላ ተጫውቼ አቆመዋለሁ። ገንዘብ አይጠይቀኝም፤ የማላውቀው ሰው አያናግረኝም። አገራችን የተሠራውንም ኩኩሉን እወደዋለሁ።»

ኩኩሉ ማለት ከበዓል እርድ ለማምለጥ የምትሮጥ ዶሮ ታሪክ ያለበት ጨዋታ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ የተባለ ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን፣ ይኸው ድርጅት ገበጣንም በስልክ እንዲጫወቱት አድርጎ አዘጋጅቶታል። እማሆይ ይህን ሲሰሙ «ገበጣ? በስልክ? ጠጠሩንስ ማን ይለቅማል?» ብለው ጠየቁ። የልጅ ልጃቸውም «ስልኩ ራሱ ይቆጥራል፤ እማሆይ» ስትላቸው «እንግዲያማ የሚማረው ስልኩ ነው፤ አንቺ አይደለሽም» ሲሉ መለሱላት።

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለበዓል የመጣ የአክስት ልጅ ደግሞ ፍሪ ፋየርንና ፐብጂን አመሰገነ። በመጀመሪያው 50፣ በሁለተኛው 100 ተጫዋቾች በአንድ ደሴት ላይ ወርደው እየተታኮሱ መጨረሻ የቀረው ያሸንፋል። «ከሩቅ ካሉ ጓደኞቼ ጋር በቡድን ሆነን በድምፅ እየተነጋገርን እንጫወታለን፤ መተባበርን ያስተምራል» አለ። ይሁንና እርሱም ሁለት ነገር አልደበቀም። የመጀመሪያው፣ ጨዋታው በነፃ ቢጀመርም ልብስና ጌጥ ለመግዛት ዳይመንድ የሚባል ነገር በብር እንዲገዙ ዘወትር ያባብላል። ሁለተኛው፣ ያለ ኢንተርኔት አይሆንም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ ያ ሁሉ ሠራዊት በአንድ ቀን ጠፋበትና ከጎረቤቶቹ ጋር ዳማ መጫወት ጀመረ። «ከመንገድ ማዶ ያለውን ልጅ ስም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው» ብሎ ነገረን።

እስካሁን ዝም ብላ ስኒ ታጥብ የነበረችው እናት በዚህ ጊዜ ቀና አለች።

«እኔ ስለ ጨዋታ ብዙ አላውቅም» አለች። «ነገር ግን ማታ ማታ የተኩስ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከስልክ ይሁን ከደጅ ለመለየት ልቤ ይቆማል። ሌላው አገር ተኩስን እንደ ጨዋታ ቢቆጥረው፣ ተኩስ በእውነት ያልሰለቸው ሕዝብ ስለሆነ ይሆናል። በእኔ ቤት ግን በጨዋታም ቢሆን እርሱ ይቅርልኝ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪም ሊመልስ አልደፈረም፤ «እውነትሽን ነው፤ እቴቴ» ብሎ ብቻ ዝም አለ።

ከሁሉ በኋላ ጥፋተኛው ልጅ እንዲናገር ታዘዘ። ቆሞ እንዲህ አለ፤

«እኔ የምወደው የፕሌይስቴሽን ኳስ ነው። ፊፋ የምንለው ማለት ነው። ለብቻ የሚጫወቱት አይደለም። ከጓደኛዬ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን ነው የምንጫወተው፤ ዙሪያውንም ልጆች ቆመው መሪጌታ እንዳሉት ይመክሩናል። ሜዳ ስለሌለን ሜዳችን እርሱ ነው። ኳስ ጫማ የሌለው ልጅም እዚያ እኩል ነው። ጥፋቴ ግን…» ካለ በኋላ ጥቂት ዝም ብሎ «ጥፋቴ ኳሱ አይደለም። የተሸነፈ ይከፍላል የሚለው ሕግ ነው። ስሸነፍ ገንዘቡን እመልሳለሁ ብዬ ስለደገምሁ ነው ያለቀው። ወፍጮ ቤት ስለ መዋሸቴም ይቅርታ አድርጉልኝ።»

መምህሩ አባትየው በዚያ ማታ ፍርድ አልሰጠም። «ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ አስብበታለሁ» ብሎ ጉባኤው ተበተነ።

የሞጣው ጌም ቤት

ከበዓሉ በኋላ ወደ ሞጣ ተጓዝሁ። ሞጣ ወለተ እስራኤል ባሠራችው በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የታወቀች ጥንታዊ ከተማ ናት። በዚያም የጌም ቤት ሥራ የያዘ አንድ ወጣት እንዳለ ሰምቼ ሄጄ አነጋገርሁት። ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት ፕሌይስቴሽን አለው፤ ከእናቱ ጋር የሚተዳደረው በዚሁ ነው።

እኔ ወቀሳዬን አዘጋጅቼ ነበር የሄድሁት፤ እርሱ ግን ቀድሞ ለገዛ ቤቱ ያወጣውን ሕግ አሳየኝ። ሕጉ አምስት ነው። በትምህርት ሰዓት ተማሪ አይገባም። ውርርድ ክልክል ነው። ሂሳቡን ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል ይከፍላሉ እንጂ የተሸነፈው ብቻ አይከፍልም። እሑድ ቅዳሴ ሳይወጣ አይከፈትም። ሲመሽ ደግሞ መብራት ቢኖርም ይዘጋል።

«በዚህ ሕግ ብዙ ደንበኛ አጣሁ» አለኝ። «ውርርድ ያለበት ቤት ሁልጊዜ ሙሉ ነው። እናቶች ግን እኔ ቤት መሆኑን ሲሰሙ ልጃቸውን አይከለክሉም፤ ትርፌ እርሱ ነው።»

የትኛውን ጨዋታ እንደሚመክር ብጠይቀው ብዙ የሚያስተውል ሰው መሆኑን ከመልሱ ተረዳሁ።

«ለጀማሪ ኳስን እመክራለሁ። ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጨዋታው መጀመሪያና መጨረሻ ስላለው ሰዓቱ ሲያልቅ በቃ ይላል። የመኪና ውድድርም መልካም ነው። ሰው እየደበደቡ፣ መኪና እየቀሙ ከተማ የሚዞሩበትን ግን ለሕፃን አልከፍትም። ሳጥኑ ላይ 18 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል፤ የጻፉት ራሳቸው የሠሩት ሰዎች አገር ናቸው። እነርሱ ለልጆቻቸው የከለከሉትን እኔ ለጎረቤቴ ልጅ ለምን እሰጣለሁ?»

ስለዚህ ቁጥር ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። በአውሮፓ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጨዋታ ማሸጊያ ላይ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር ይታተማል። ይህም ጨዋታው ከስንት ዓመት በላይ ላለ ሰው እንደሚስማማ ለወላጅ የሚያመለክት ነው እንጂ የችግሩን ክብደት የሚናገር አይደለም። የኳስ ጨዋታው 3 ተብሎ ሲታተም፣ ወጣቱ ያነሣው ዓይነት ግን 18 ይባላል። ወላጅ እንግሊዝኛ ባያነብም ቁጥር ማንበብ አያቅተውም።

ከየት መጡ? ምንስ ይጎዳሉ?

የቪዲዮ ጨዋታ የሚባለው ነገር ዕድሜው እንደምናስበው አጭር አይደለም። በ1958 እ.ኤ.አ. ዊልያም ሂጊንቦታም የተባለ የአሜሪካ የፊዚክስ ሊቅ የሥራውን ቦታ ለማየት የሚመጡ እንግዶች እንዳይሰለቹ በማለት በትንሽ መስታወት ላይ ቴኒስ የሚያጫውት መሣሪያ ሠራ። በ1972 ፖንግ የተባለው ጨዋታ በየመጠጥ ቤቱ ተሠራጨ። ፕሌይስቴሽን ደግሞ በ1994 በጃፓን ለሽያጭ ቀረበ። ልጆቻችን «ፊፋ» የሚሉት የኳስ ጨዋታ የመጀመሪያው በ1993 የወጣ ሲሆን፣ ከ2023 ወዲህ ሠሪዎቹ ስሙን ለውጠውታል፤ በየከተማችን ግን አሁንም የሚጠራው በቀድሞ ስሙ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ሐሳብ እንግዳን ማስደሰት ነበር፤ ክፋት ያገኘው ከአጠቃቀሙና ከገበያው ነው።

ጉዳቱን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት የተናገረውን ማወቅ ይጠቅማል። ድርጅቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ከልክ ያለፈ የጨዋታ ሱስን እንደ ሕመም አስገብቶታል። ነገር ግን የሚጫወት ሁሉ ታማሚ ነው አላለም። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ መጫወቱን መግታት አለመቻል፣ ጨዋታን ከሌላው ኑሮና ሥራ ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳት እየደረሰ መሆኑን እያዩም መቀጠል። ይህም ኑሮን፣ ትምህርትን ወይም ቤተሰብን በጽኑ የሚጎዳና በልማድ ለ12 ወራት ያህል የታየ መሆን አለበት። ስለ ሕፃናትም ይኸው ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለ ሕፃን በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጦ ስክሪን እንዳይመለከት፣ ቢያንስ ደግሞ እንደሚሻል ይመክራል። ስለዚህ ሕፃኑ እንዳያለቅስ ብለን ስልክ የምናስይዝ ወላጆች፣ ጌም ቤቱን ከመክሰሳችን በፊት ራሳችንን መመርመር ይገባናል።

ጨዋታ በራሱ ነቀፋ የለበትም። ነቢዩ ዘካርያስ ስለ ኢየሩሳሌም መልካም ዘመን ሲናገር በአደባባይዋ የሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች እንደሚሞሉ ተናግሯል፤ የሰላም ምልክት አድርጎ የቈጠረው የልጆችን ጨዋታ ነው። በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች በግጭት ምክንያት በተዘጉባቸው ዓመታት ልጆች ጊዜያቸውን የት እንዳሳለፉ የምናውቅ ሰዎች ነገሩን ቀላል አድርገን ልናየው አይገባም። ሜዳውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ቤተ መጻሕፍቱም ሲታጣ ልጅ ክፍት ሆኖ ካገኘው በር ይገባል። ያ በር የጥሩ ሰው ቤት ከሆነ መልካም፤ የቁማርተኛ ቤት ከሆነ ግን ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይሆንም።

ስለዚህ ከቢቸናም ከሞጣም የሰማሁትን ሰብስቤ ለወላጆች ስድስት ጥያቄ አቀርባለሁ። ልጃችሁ የሚጫወተውን ጨዋታ ስሙን ታውቃላችሁን? የሚጫወተው ከማን ጋር ነው? ጨዋታው መጨረሻ አለው ወይስ እንደ ጉድጓድ ውኃ አያልቅም? ገንዘብ ይጠይቃልን? ከጨዋታው ሲነሣ ደስ ብሎት ነው ወይስ ተቆጥቶ? በመጨረሻም እናንተ ራሳችሁ አብራችሁት ለመጫወት ጊዜ ሰጥታችሁ ታውቃላችሁን? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ ይሁን እንጂ ለሌሎቹ አምስቱ መልስ የሚገኘው በእርሱ ነው።

የመምህሩ ፍርድ

ከሞጣ ስመለስ በቢቸና አንድ ሌሊት አደርሁ። መምህሩ በነገሩ ላይ ፍርድ ሰጥቶ ኖሯል። ልጁ እስከ ጥምቀት ማግስት ስልክ አይነካም፤ የወፍጮውን ሥራም ያለ ክፍያ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ኳሱን መጫወት ይችላል። መጫወት የሚችለው ግን ውርርድ በሌለበት ቤትና አባቱ አብሮት ሲሆን ነው። በምላሹ ልጁ ከእማሆይ ዘንድ ገበጣ ይማራል።

ፍርዱ ሳይዘገይ መፈተኑን ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በስልክ ስንነጋገር ሰማሁ። አባትየው በመጀመሪያው ቅዳሜ ጆይስቲኩን ገልብጦ ይዞ ስድስት ለባዶ ተሸነፈ። በሁለተኛው ቅዳሜ አምስት ለባዶ ሆነ፤ «መሻሻል ነው» ብሎ ተጽናና። ልጁ በበኩሉ ከእማሆይ ጋር ገበጣ ገጥሞ አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፈም፤ ገና ሳይቈጥር ይዘራል አሉ።

በመካከላቸው ግን አዲስ ሕግ ወጣ። የተሸነፈ ገንዘብ አይከፍልም፤ የተሸነፈ ጤፉን ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ይህን የነገረችኝ እናትየው ናት፤ ስትነግረኝም ከሣቋ ብዛት ቃሏ ይቆራረጥ ነበር። መምህሩ በዚያች ሰዓት ጤፉን በትከሻው አድርጎ ወፍጮ ቤት ተራ ይጠብቅ ነበርና ሰላምታዬን ለማድረስ አልቻልሁም።